የመንፈሱ ፊት የማን ፊት ነው?
በ1954 ዓ.ም. በቴሌቪዥን ስለ ታየው «የገና መዝሙር»

ድርሰትን ወደ ትርኢት የሚመልስ ሰው፥ መጽሐፍን ከልሳን ወደ ልሳን የሚመልስ ተርጓሚ ያለበት ዕዳ አለበት። ቃሉን ሁሉ ይዞ መሻገር አይቻለውም፤ ነገር ግን የወሰደውን ሲወስድና የተወውን ሲተው ምሥጢሩን አውቆ እንደ ሆነ ወይም ሳያውቅ እንደ ሆነ ሥራው ራሱ ይመሰክርበታል። ይህን ለመመርመር የሚመች አንድ ሥራ አለ። ይኸውም እንግሊዛዊው ደራሲ ቻርልስ ዲክንስ በፈረንጆች አቈጣጠር በ1843 ዓ.ም. ያሳተመው «የገና መዝሙር» የተባለው ታሪክ፥ በአሜሪካ አገር ወደ ቴሌቪዥን ተመልሶ ዲሴምበር 23 ቀን 1954 ዓ.ም. የታየው ነው።

ትርኢቱን ያሳየው ሲ ቢ ኤስ የተባለው የቴሌቪዥን ድርጅት ሲሆን፥ የተመደበለት ጊዜ አንድ ሰዓት ነበር። ቃሉንና ግጥሙን የደረሰው ባለ ቴአትሩ ማክስዌል አንደርሰን፥ ዜማውን የደረሰው በርናርድ ኸርማን ነው። ቈንቋናውን ነጋዴ ስክሩጅን የሚጫወተው ፍሬድሪክ ማርች፥ የሞተውን ባልንጀራውን ማርሊን የሚጫወተው ባዚል ራትቦን ነው። ስለ ገንዘብ ፍቅር የሚወቅሰውን ትርኢት ወጪውን የቻለው ክራይስለር የተባለው አውቶሞቢል ሠሪ ኩባንያ መሆኑም የሚታሰብ ነገር ነው። ታሪኩ በዜማ መነገሩ ግን ከደራሲው አሳብ የራቀ አይደለም፤ ዲክንስ ራሱ መጽሐፉን መዝሙር ብሎ ሰይሞ፥ አምስቱን ክፍሎች በመዝሙር ክፍል ስም ጠርቶአቸዋልና።

ታሪኩን ያላነበበ ቢኖር ፍሬ ነገሩ እንዲህ ነው። በሎንዶን ከተማ የሚኖር ስክሩጅ የሚባል ነጋዴ ገንዘቡን ያከማቻል እንጂ ለራሱም ለሰውም አይጠቅምበትም። በገና ዋዜማ ሌሊት፥ ከሰባት ዓመት በፊት የሞተው የንግድ ባልንጀራው ማርሊ ከገንዘብ ሣጥን፥ ከቍልፍና ከሒሳብ መዝገብ በተሠራ ሰንሰለት ታስሮ ይመጣበታል። ከእርሱም በኋላ ሦስት መናፍስት፥ ያለፈውንና ያለውን የሚመጣውንም ዘመን ያሳዩታል። በዚህም ልቡ ተመልሶ ሌላ ሰው ይሆናል።

አንደርሰን ከሠራው ሁሉ የሚደነቀው የሁለቱ መናፍስት ነገር ነው። ያለፈው ዘመን መንፈስ ሆና የምትመጣው ሳሊ ፍሬዘር፥ ስክሩጅ በጎልማሳነቱ አጭቶአት ስለ ገንዘብ ፍቅር ያጣትን ቤልንም የምትጫወት እርስዋው ናት። ያለውም ዘመን መንፈስ ሆኖ የሚመጣው ሬይ ሚድልተን፥ ስክሩጅ ወደ ገና ግብዣ ሲጠራው በንቀት የመለሰውን የእኅቱን ልጅ ፍሬድንም የሚጫወት እርሱው ነው። ይህ በቅኔ ቤት ኅብር የሚባለው ነው። አንድ ቃል ሁለት ነገር እንደሚያስረዳ፥ አንድ ፊት ሁለት ሰው ያስረዳል። ሰሙ የተዋናዩ መልክ ነው፤ ወርቁ ግን፥ ሰው ካስቀየመው ሰው ፊት በቀር ሌላ ከሳሽ፥ ካባረረውም ዘመድ በቀር ሌላ መካሪ እንደማያሻው ነው። ይህ የተደረገው ተዋናይ ለመቈጠብ ነው የሚል ቢኖር፥ ቍጠባ ቢሆንም እንኳ ፊቶቹ እንዲያው የተገኙ አይደሉምና ምሥጢሩ አይፈርስም።

ይልቁንም ነገሩ ከመጽሐፉ የበቀለ ነው። በዲክንስ ድርሰት የመጀመሪያው መንፈስ ሕፃንም ሽማግሌም የሚመስል፥ ከራሱ ላይ ብርሃን የሚወጣ ፍጡር ነው፤ በክፍሉ መጨረሻ ግን ስክሩጅ ፊቱን ሲመለከት ያሳየውን የሰዎቹን ሁሉ መልክ ቍራጭ በቍራጭ ያይበታል። አንደርሰን ይህችን ጥቂት ቃል ይዞ አሰፋት። እንዲህ ያለው ጭማሪ የአንድምታ ወገን እንጂ የስሕተት ወገን አይደለም።

በሦስተኛው መንፈስ ግን ሥራው ይደክማል። በመጽሐፉ ይህ መንፈስ በጥቁር ልብስ ተሸፋፍኖ ከአንዲት እጅ በቀር የማይታይ፥ እያመለከተ ዝም የሚል ነው። በትርኢቱ ግን በመቃብር ስፍራ ያለ ጥቁር ወፍ ተተካበት። የመጽሐፉ መንፈስ ዝም ባይ ነውና ቃል የሌለው ፍጡር ቢተካው ምን ይጐዳል የሚል ይኖር ይሆናል። ነገር ግን ሊናገር እየተቻለው ዝም ያለ ዳኛና ንግግር ያልተሰጠው እንስሳ ዝምታቸው አንድ አይደለም። ደግሞም ለሁለቱ መናፍስት የሰው ፊት ከተሰጣቸው በኋላ፥ ሦስተኛው የስክሩጅን የራሱን ፊት ሊይዝ ወይም እንደ መጽሐፉ ፊቱ ተሰውሮ ሊቀር ይገባው ነበር። ወፉ ግን ከሁለቱም አይደለም፤ ማስፈራሪያ ብቻ ነው።

ከዚህም የከፋው፥ አራተኛው ክፍል ወደ መቃብሩ መጠቅለሉ ነው። ዲክንስ ስክሩጅን ወደ መቃብሩ ከማድረሱ አስቀድሞ ብዙ ነገር ያሳየዋል። ነጋዴዎች ስለ አንድ ሟች እየተሣሣቁ ይነጋገራሉ፤ ከእነርሱም አንዱ ምሳ ካለ ቀብር እሄዳለሁ ይላል። የቤት ሠራተኛዪቱ የአልጋውን መጋረጃና ከሬሳው የገፈፈችውን ሸሚዝ ትሸጣለች። ባለ ዕዳ የነበሩ ባልና ሚስት በሞቱ እፎይ ይላሉ። በዚህ አንጻር የጸሓፊው የቦብ ክራቺት ልጅ ሕመምተኛው ቲም ሞቶ ቤተ ሰቡ ሲያለቅሱለት ይታያል። እንግዲህ ስክሩጅን የመለሰው የሞት ፍርሃት ብቻ አይደለም፤ ሞትማ ደጉንም ሕፃን ነክቶአል። የመለሰው፥ አልቃሽ ባለው ሞትና አልቃሽ በሌለው ሞት መካከል ያለው ልዩነት ነው። በትርኢቱ የስክሩጅና የቲም መቃብር ሲታዩ ግን ድንጋዩ መሞታቸውን ይናገራል እንጂ ማን እንዳለቀሰላቸው አይናገርም፤ ሁለቱም ሞት እኩል ይመስላል።

ጕዳቱም ለጥበብ ብቻ አይደለም። ሞትን ፈርቶ የሚጸጸት ሰው ለራሱ ይሸሻል፤ ሞቱ ለማንም እንዳላሳዘነ ያየ ሰው ግን ወደ ጎረቤቱ ይመለሳል። ዲክንስ የጻፈው ሁለተኛውን ንስሓ ነው፤ ትርኢቱ በሁለቱ መናፍስት አጥብቆ ይዞት ሳለ በሦስተኛው ለቀቀው። ስለዚህ ይህን ሥራ ማየት የሚገባ ነው፤ የሚያየውም ሰው ወፉ ዘንድ ሲደርስ አራተኛውን ክፍል ከመጽሐፉ ቢያነብ የጐደለውን ያገኛል።