መጀመሪያ ጌጁ፣ ከዚያ ማቀዝቀዣው

ቮልስን ብዙ ሰው የሚያውቃት በታሪክ ነው። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከቤተ መንግሥት የተወሰዱት በቮልስ ነበር። እኔ የማውቃት ደግሞ ከሆዷ በኩል ነው፦ ሁለት ሊትር ተኩል ዘይት፣ በፊልትሮ ፋንታ ወንፊት፣ ራዲያተርም ውኃም የሌለው ሞተር። የቮልስ ባለቤቶች ጋራዥ መጥተው ከሚጠይቁኝ ሁሉ የሚበዛው ግን አንድ ነው፤ «ኦይል ኩለር ግጠምልኝ» ይሉኛል፤ የዘይት ማቀዝቀዣ ማለታቸው ነው። መልሴ ባጭሩ ይህ ነው፦ እገጥማለሁ፤ ግን መጨረሻ ላይ። ለምን መጨረሻ ላይ እንደሆነ ላስረዳ።

ጥያቄው አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው ከቆላ መልስ ነው። ሰውየው መተሐራ ወይም አዋሽ ደርሶ ይመለሳል። ከተማ ገብቶ የትራፊክ መብራት ይዞት ሞተሩ በሚኒሞ ሲሠራ የዘይቱ መብራት ብልጭ ድርግም ይልበታል። ነዳጅ ሲረግጥ ይጠፋል። ይህ መብራት የሚበራው የዘይቱ ግፊት ከግማሽ ባር በታች ሲወርድ ስለሆነ፣ ማስጠንቀቂያው የሚመጣው ዘግይቶ ነው። ዘይቱ ሲግል ይቀጥናል፤ የቀጠነ ዘይት በኮሎው (በክራንክ ሻፍቱ) ብሮንዞች ክፍተት ቶሎ ያመልጣል፤ ግፊቱም ይወርዳል። ባለቤቱ «ሞቃለች፣ ማቀዝቀዣ ትፈልጋለች» ብሎ ይወስናል። አባባሉ ትክክል ሊሆን ይችላል፤ ግን አንድ ጥያቄ ዘሏል፦ ለምን ሞቀች?

የቮልስ ሞተር በአየር ይቀዘቅዛል ሲባል የተነገረው እውነት ግማሹ ነው። ሲሊንደሮቹንና ቴስታታዎቹን አየር ያቀዘቅዛቸዋል። የኮሎውን፣ የፒስተኑን ሆድና የቫልቭ ሞላዎቹን ሙቀት የሚያነሣው ግን ዘይት ነው። ያ ዘይት ደግሞ የራሱ ማቀዝቀዣ አለው፤ ፋብሪካው በቬንቲሌተሩ ላሜራ ውስጥ ያቆመው። ስለዚህ «ቮልሴ ኦይል ኩለር የላትም» የሚል ሰው ተሳስቷል። እያንዳንዷ ቮልስ አንድ ይዛ ተወልዳለች፤ እኛ የምንጨምርላት ሁለተኛውን ነው።

ፋብሪካው ራሱ በዚህ ጉዳይ ተቸግሮ ነበር። በቀድሞዎቹ ሞተሮች ማቀዝቀዣው የቆመው በግራዎቹ ሲሊንደሮች የአየር መንገድ ላይ ነው። ወደ ሦስተኛው ሲሊንደር የሚወርደው አየር መጀመሪያ በዘይቱ ማቀዝቀዣ አልፎ፣ ሞቆና መጠኑ አንሶ ይደርሳል። በዚህ ምክንያት ሦስተኛው ከሌሎቹ ይልቅ በሙቀት ሲጎዳ ኖሯል። እ.ኤ.አ. ለ1971 ሞዴል ማቀዝቀዣው ከመንገዱ ወጥቶ የራሱ ሳጥን ተሠራለት፤ በእሱ ያለፈው ሙቅ አየርም ሲሊንደር ሳይነካ እንዲወጣ ተደረገ። ይህ ለውጥ ለእኔ የጉዳዩ ሁሉ መሠረት ነው። ማቀዝቀዣ ሙቀትን አያጠፋም፤ ከአንድ ቦታ አንሥቶ ሌላ ቦታ ይጥላል። ሙቀቱ ከየት እንደመጣና የት እንደሚጣል ሳይጠይቅ የሚገጥም መካኒክ ችግሩን ከክፍል ወደ ክፍል ያዛውራል እንጂ አይፈታውም።

አገራችን ደግሞ ለዚህ ሞተር የራሷ ፈተና አላት። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በ2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች አየሯ ከባሕር ጠረፍ አየር በአንድ አምስተኛ ያህል ስስ ነው። ቬንቲሌተሩ ያንኑ ያህል ቢዞርም የሚገፋው አየር ክብደት ያነሰ ነው። ሞተሩም በዚያው ልክ ጉልበት ይቀንሳል፤ አየሩም ቀዝቃዛ ስለሆነ ከተማ ውስጥ ሒሳቡ ይመጣጠናል። ሒሳቡ የሚዛባው ሙቀትና ጭነት በአንድ ቀን ሲገናኙ ነው። ከጎሐ ጽዮን ወደ ደጀን ስትሄዱ የዓባይ ሸለቆ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ያወርዳችኋል፤ ከድልድዩ በኋላ ደግሞ ያንኑ ያህል በቆላ ሙቀት፣ በዝግታ፣ ሰውና ጓዝ ተጭኖ መውጣት አለ። ራዲያተር ያላቸው መኪኖች እንኳ እዚያ ዳር ይዘው ኮፈን ከፍተው ይታያሉ።

አቀበቱ ላይ ግን ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የሹፌሩ ነው። ቬንቲሌተሩን የሚያዞረው የዲናሞው ቺንጋ ነው፤ ሞተሩ አንድ ሲዞር እሱ ሁለት ያህል ይዞራል። በሦስተኛ ማርሽ እያቃሰተች የምትወጣ ቮልስ ነዳጁን ታቃጥላለች፣ ሙቀቱን ታመነጫለች፣ ንፋሱ ግን አይበቃትም። ቶሎ ወደ ሁለተኛ አውርዶ ሞተሩን ማስጮህ ሞተር መግደል የሚመስላቸው አሉ። የሚገድላት ግን ማቃሰቱ ነው። ማርሽ በጊዜ መቀነስ ምንም አያስከፍልም፤ ስለዚህ ወደ ኪስ ከመግባታችን በፊት ስለ አነዳድ እንነጋገራለን።

ቀጥሎ የማየው ላሜራዎቹን ነው። የቮልስ ሞተር ዙሪያውን በላሜራና በጎማ የታሸገው ለውበት አይደለም። ከላይ ያለው ክፍል ቀዝቃዛ አየር የሚሳብበት፣ ከታች ያለው የሞቀው አየር የሚጣልበት ነው። በዙሪያው ያለው ጎማ ሲደርቅና ሲረግፍ፣ የካንዴላ ገመዶቹ መሸፈኛዎች ሲጠፉ፣ አንዱ ላሜራ «ለሥራ አስቸገረ» ተብሎ ሳይመለስ ሲቀር፣ ቬንቲሌተሩ የገዛ ራሱን ትኩስ አየር መልሶ ይውጣል። የሰው ማሞቂያው ተነቅሎ ቱቦው የሚገባበት ቀዳዳ ክፍት የተተወባቸው ቮልሶችም ይመጣሉ። በዚያ ቀዳዳ ለሲሊንደሮቹ የታሰበው ንፋስ በከንቱ ይፈሳል። ቺንጋው ላልቶ እንደሆነ በአውራ ጣት ተጭኜ አያለሁ። ታይሚንጉን፣ የቫልቭ ክፍተቱን፣ የካርቡሬተሩን ድብልቅ እፈትሻለሁ፤ ነዳጅ ያነሰው ድብልቅ ሞተር ያግላልና።

ከዚያ ቬንቲሌተሩን ከነቤቱ አነሣና የፋብሪካውን ማቀዝቀዣ አያለሁ። ዓመታት ሙሉ የጠጣው አቧራና ያንጠባጠበበት ዘይት ተጋግረው በክንፎቹ መካከል ጭቃ ሆነው ይገኛሉ። በዚህ መሐል ንፋስ አያልፍም። አንድ አዛውንት ደንበኛ ይህን ስጠርግ ቆመው ሲያዩኝ ቆዩና፣ «ልጄ፣ እኔ ኦይል ኩለር እንድትገጥምልኝ እንጂ እንድታጥባት አላመጣኋትም» አሉኝ። «ጋሼ፣ ኦይል ኩለርዎን እኮ ነው እየገጠምኩ ያለሁት» አልኳቸው። ቀልድ መስሏቸው ሳቁ። መኪናዋ ሌላ ማቀዝቀዣ ሳያስፈልጋት ቀረች።

የሙያችን አስቸጋሪ ገጽ እዚህ ላይ ነው። ደንበኛ ለሚያየው ዕቃ ገንዘብ ሲያወጣ አይሰማውም። የሚያብለጨልጭ አሉሚኒየም፣ በቀይና በሰማያዊ መጋጠሚያ የታሰረ ቱቦ ለጓደኛ ይታያል። ክንፍ መጥረግ፣ ጎማ መተካት፣ ቀዳዳ መድፈን ግን ሞተሩ ሲዘጋ አብሮ ይዘጋል። መካኒኩም ይህን ያውቃልና ቀላሉን መሸጥ ይቀናዋል። ለማይታየው ሥራ በግልጽ ዋጋ ጠይቆ ማስረዳት ቱቦ ከማሰር ይልቅ ከባድ ሙያ ነው።

ይህ ሁሉ ከተሠራ በኋላ እንለካለን። የዘይቱን ሙቀት የሚያሳይ ጌጅ እገጥማለሁ፤ አነፍናፊው በሞተሩ ሆድ በማፍሰሻው ቡሎን ቦታ ይገባል፣ ወይም በዘይት መለኪያው ዘንግ ምትክ ይሰካል። የግፊት ጌጅም ከጎኑ ቢኖር መልካም ነው። ዘይቱ በመደበኛ ጉዞ ከ80 እስከ 110 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቢሆን ጤና ነው። በአቀበት ለአጭር ጊዜ 120 ቢነካ አልደነግጥም። ከዚያ በላይ ሄዶ የሚቆይ ከሆነ ግን ሁለተኛው ማቀዝቀዣ ሥራ አገኘ ማለት ነው። ሙቀቱ ደኅና ሆኖ ሞተሩ በደቂቃ 2,500 ጊዜ ሲዞር ግፊቱ 2 ባር ካልሞላ፣ ሕመሙ ሌላ ነው፦ የተበሉ ብሮንዞች፣ የደከመ ፓምፕ፣ ወይም ከሞተሩ ሥር ያለችው የግፊት ቫልቭ ተጣብቃ ይሆናል። ይህች ቫልቭ ዘይቱ ቀዝቃዛና ወፍራም ሲሆን ማቀዝቀዣውን አዝልላ በቀጥታ ወደ ኮሎው ትሰድደዋለች። ተከፍታ ከቀረች ዘይቱ ሞቆም ማቀዝቀዣውን አያገኝም። በዚህ ሁኔታ ረጅም ቱቦና ተጨማሪ ማቀዝቀዣ ማከል ለደከመ ፓምፕ ተጨማሪ ሸክም ነው።

እንግዲህ መግጠም ግድ ከሆነ ሁለት መንገድ አለ። ቀላሉ የፓምፑን ክዳን መውጫና መግቢያ ባለው ክዳን መቀየር ነው፤ ሞተሩ አይፈታም። የተሻለው ዘይቱን ከፓምፑ ክዳን አውጥቶ በፊልትሮና በማቀዝቀዣ አሳልፎ፣ በባዛው (በሞተሩ ብሎክ) ላይ አዲስ ፊሌቶ በወጣለት ቀዳዳ ወደ ዋናው የዘይት መስመር መመለስ ነው። ይህ ግን የሚሠራው ሞተሩ ተፈትቶ ሲጠገን ብቻ ነው። ባዛው የማግኒዥየም ቅይጥ ነው፣ ለስላሳ ነው። ትራፓኖ የሚያወጣው ብናኝ ወደ ብሮንዞቹ ከገባ ሞተሩ አለቀ። የመጨረሻዋ ቮልስ ከሜክሲኮ ፋብሪካ የወጣችው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው፤ ባዛ ከዚህ በኋላ እንደ ካንዴላ የሚለወጥ ዕቃ አይደለም። ፊሌቶውን በነጩ የቧንቧ ፕላስቲክ አልጠቀልልም። የተበጠሰ ቁራጭ የዘይት ቀዳዳ ስለሚዘጋ ፈሳሹን ማሸጊያ እጠቀማለሁ።

በየትኛውም መንገድ የማልደራደርባቸው ነገሮች አሉ። የመጀመሪያው ቴርሞስታት ነው። ዘይቱ 80 ዲግሪ አካባቢ እስኪደርስ ማቀዝቀዣውን እንዳያገኝ ያግደዋል። አዲስ አበባ በክረምት ከቤት ወደ ቢሮ አጭር መንገድ ለምትመላለስ መኪና ይህ ከማቀዝቀዣው ይበልጣል። ዘይት ካልሞቀ በውስጡ ያጠራቀመውን ውኃና ነዳጅ አያተንንም፤ የመሙያውን ክዳን ስትከፍቱ የምታዩት ነጣ ያለ ቅባት የዚህ ምልክት ነው። ያለ ቴርሞስታት የተገጠመ ኦይል ኩለር በሙቀት ፈንታ በዝገት ይገድላል።

ሁለተኛው ቱቦው ነው። በውኃ ወይም በነዳጅ ቱቦ፣ በፋሸታ አጥብቆ መሥራት እሳትን መጋበዝ ነው። ጠዋት በቀዝቃዛ ዘይት ሲነሣ ግፊቱ ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ካለው እጅግ ይበልጣል፤ ቱቦው ቢያመልጥ ዘይቱ የሚረጨው ማርሚታው ላይ ነው። ለሎደርና ለኤክስካቫተር ቱቦ የሚጨምቁ ቤቶች ጥሩ ሥራ ይሠራሉ፤ ነገር ግን የተለመደው የሃይድሮሊክ ቱቦ ብዙውን ጊዜ የተሠራው እስከ 100 ዲግሪ ለሚደርስ ዘይት ነው። የእኛ ዘይት ያንን ስለሚያልፍ የሙቀት መጠኑን ጠይቁ፣ በቱቦው ላይ የታተመውንም አንብቡ። ሞተር ይወዛወዛል፣ ቦዲ አይወዛወዝም፤ በመካከላቸው ያለው ቱቦ ላላ ብሎ መታጠፍ፣ በላሜራ ሲያልፍም በጎማ ቀለበት መታቀፍ አለበት።

ሦስተኛው ቦታው ነው። ማቀዝቀዣውን ሞተሩ አየር የሚስብበት ቦታ ላይ ማሰር ያንኑ ሙቀት ለቬንቲሌተሩ ማጉረስ ነው። ከካምቢዮው በላይ ወይም ከኋላ ፓራፋንጎ ሥር፣ ከድንጋይ በሽቦ ወንፊት ተከልሎ፣ በጎማ ላይ ቢቀመጥ ይሻላል። የራሱ ቬንቲሌተር ያስፈልገዋል፤ ሽቦው በፊውዝና በሪሌ ይምጣ፣ አሮጌው ዲናሞም ማታ በሙሉ መብራት ይህን መሸከሙ ይረጋገጥ።

አራተኛው፣ ከሞተ ሞተር የተፈታ ማቀዝቀዣ አልገጥምም። ሶማሌ ተራ ርካሽ ታገኛላችሁ፤ ያ ሞተር ግን ሲሞት የረገፈው ብረት በጠባቦቹ ቱቦዎች ውስጥ ተቀምጧል፤ በቤንዚን ቢታጠብም ሙሉ በሙሉ አይወጣም። አንድ ቀን ይለቅና ወደ አዲሱ ብሮንዝ ይሄዳል።

ሲያልቅ የካንዴላዎቹን ገመድ ነቅዬ መብራቱ እስኪጠፋ ሞተሩን በስታርተር አዞራለሁ፤ ባዶው ቱቦና ማቀዝቀዣ ይሞላል። ከዚያ አስነሥቼ ቴርሞስታቱ እስኪከፍት አሞቃለሁ፣ አጥፍቼ ዘይቱን ለክቼ የጎደለውን እጨምራለሁ። ቀዝቃዛ ሆኖ የሞላ ዘይት ቴርሞስታቱ ሲከፍት ይጎድላልና።

ቪትዝና ኮሮላ ያላችሁም ትጠይቁኛላችሁ። በእነሱ በሞተሩና በፊልትሮው መካከል የሚገባ ሳህን አለ፤ ሥራው ከቮልስ ይቀላል። ግን በውኃ የሚቀዘቅዝ፣ ራዲያተሩ ንጹሕ የሆነ ትንሽ መኪና ለከተማና ለመደበኛ ጉዞ አያስፈልገውም።

ስለዚህ ገንዘባችሁን ያዙ። መጀመሪያ የሙቀት ጌጅ ግዙና ላሜራውንና ጎማውን አስተካክሉ፤ የፋብሪካውን ማቀዝቀዣም አስጠርጉ። ከዚያ አንድ ጊዜ ወደ ቆላ ወርዳችሁ፣ በሁለተኛ ማርሽ አቀበት ወጥታችሁ ቁጥሩን አንብቡ። ከ120 በላይ ሄዶ ከቆየ ኑ፣ እገጥምላችኋለሁ። ካልሄደ ግን የሚገጥምላችሁን መካኒክ አትመኑት።