የአንዲት ትንሽ ከተማ ጉባኤ
ስለ ኢብሰን «የሕዝብ ጠላት» ቴያትር የቀረበ አስተያየት

የአገር አስተዳደር ነገር በተነሣ ጊዜ ሰው ሁሉ አሳቡን ወደ ታላቁ ከተማና ወደ ቤተ መንግሥት ይሰዳል። ዳሩ ግን ሰው ውሃ የሚቀዳው፥ ልጁን ወደ ትምህርት የሚሰደው፥ ሬሳውንም የሚቀብረው በሚኖርበት በትንሹ ከተማ ነው፤ ስለዚህ የአስተዳደር መልካምነትና ክፋት በመጀመሪያ የሚታወቀው በምንጩና በመንገዱ፥ በገበያውና በቦዩ ነው። ይህን ነገር አጥብቀው ከመረመሩት ደራስያን አንዱ የኖርዌዩ ሄንሪክ ኢብሰን ነው። «የሕዝብ ጠላት» የተባለው ባለ አምስት ክፍል ቴያትሩ በ1882 ዓ.ም. እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ታተመ፤ በ1883ም በጥር ወር፥ ያን ጊዜ ክርስቲያኒያ ትባል በነበረችው በኦስሎ ከተማ በመድረክ ታየ። ከዚህ በታች የሚነገሩትም ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቈጣጠር ናቸው።

ኢብሰን በ1828 ሺየን በምትባል ትንሽ የወደብ ከተማ ተወለደ። አባቱ ነጋዴ ነበረ፤ ንግዱም በወደቀ ጊዜ ቤተ ሰቡ ሁሉ ከነበረበት ማዕረግ ዝቅ አለ። ልጁም በ1844 ገና ብላቴና ሳለ ወደ ግሪምስታድ ሄዶ ከመድኀኒት ቀማሚ ዘንድ ተቀጠረ። ስለዚህ የትንሽ ከተማን ጠባይ በወሬ የሰማው ሳይሆን በኑሮ ያየው ነው። ጎረቤት የጎረቤቱን ዓይን እንዴት እንደሚፈራ፥ ባለ ዕዳም በባለ ገንዘብ ፊት ቃሉን እንዴት እንደሚያለሰልስ ያውቃል። ደግሞ በ1837 በወጣው ሕግ የኖርዌይ ከተሞችና ገጠሮች የራሳቸውን ምክር ቤት እንዲመርጡ ተፈቅዶላቸው ነበር። መብቱ ለሰው ሁሉ ባይዳረስም፥ የቴያትሩ ከተማ ምክር ቤት አላት፤ ጋዜጣ አላት፤ የባለ ቤቶች ማኅበርና መጠጥን የሚከለክል ማኅበርም አላት። እንግዲህ የኢብሰን ጥያቄ ሕዝብ አፉን ስለ ምን ይለጐማል የሚል አይደለም፤ ለመናገርና ለመሰብሰብ የተፈቀደለት ሕዝብ እውነትን መስማት ስለ ምን ያቅተዋል የሚል ነው።

የታሪኩ ፍሬ ነገር ይህ ነው። ከተማዪቱ ለሕሙማን ፈውስ የሚሆን መታጠቢያ ሠርታ ከሩቅ አገር እንግዳ ይመጣላታል፤ በዚህም የቤት ኪራይ ከፍ ብሎ፥ ንግዱ ደርቶ፥ ድኻ ሁሉ ተስፋ አድርጓል። የመታጠቢያው ሐኪም ዶክተር ቶማስ ስቶክማን ግን ባለፈው ዓመት ከመጡት እንግዶች አንዳንዶቹ በተስቦና በሆድ በሽታ መታመማቸውን አይቶ ተጠራጠረ፤ ውሃውንም ወደ ዩኒቨርሲቲ ልኮ ያስመረምራል። መልሱ በመጣ ጊዜ ከላይ ካሉት የቆዳ ፋብሪካዎች የሚወርደው እድፍ ውሃውን እንደ መረዘው ተገለጠ። ከንቲባው ፔተር ስቶክማን የሐኪሙ ታላቅ ወንድም ነው፤ ቧንቧውን ነቅሎ እንደገና መትከል በመቶ ሺህ የሚቈጠር ክሮነር እንደሚያስከፍልና መታጠቢያውን ሁለት ዓመት እንደሚያዘጋ ተናግሮ ነገሩ እንዲሸሸግ ያዛል። በመጀመሪያ ሐኪሙን ያመሰገኑትና እንከተልሃለን ያሉት ሁሉ ወጪው ከኪሳቸው እንደሚወጣ ባወቁ ጊዜ ከዱት፤ በመጨረሻም በጉባኤ ተሰብስበው የሕዝብ ጠላት ብለው ሰየሙት።

ብዙ ሰዎች ይህን ቴያትር ሲተረጕሙ ጻድቁን በአንድ ወገን፥ ሕዝቡን በሌላ ወገን አቁመው ፍርዳቸውን ይፈጽማሉ። እንዲህ ያለው ንባብ ግን የደራሲውን ብልሃት ያሳንሳል። ኢብሰን ከክፉ ሰዎች ይልቅ በልክ መልካም የሆኑትን ሰዎች ያሳየናልና። ከእነርሱም ዋናው አስላክሰን ነው። አስላክሰን የማተሚያ ቤት ጌታ፥ የባለ ቤቶች ማኅበር አለቃ ነው፤ አይሰክርም፥ አይሳደብም፥ ነገር ሁሉ በልክ እንዲሆን ይመክራል። በምግባሩ ሲታይ ለማኅበር አለቅነት የተገባ ሰው ነው። ነገር ግን ስለ ራሱ አንድ ነገር ይናገራል፤ ይኸውም የአገሪቱን መንግሥት ያለ ፍርሃት መንቀፍ ሲችል የከተማውን ሹማምንት መንካት ሲመጣ ግን እጅግ እንደሚጠነቀቅ ነው። ምክንያቱን ሲሰጥም፥ የሩቁ መንግሥት በነቀፋ ምንም አይሆንም፤ የቅርቡ ሹም ግን ሊወድቅ ይችላል፥ ከዚያም ያልተፈተነ ሰው ገብቶ ባለ ቤቶችን ይጎዳል ይላል።

በቴያትሩ ውስጥ ከዚህ የጠለቀ ነገር ማግኘት ያስቸግራል። ስለ ሩቅ መንግሥት ደፍሮ መናገር ብዙ ጊዜ ዋጋ አያስከፍልም፤ እንዲያውም ምስጋና ያስገኛል። የከተማው ሹም ግን በመንገድ ይገናኛል፤ በክርስትና ቤትና በልቅሶ ቤት አብሮ ይቀመጣል፤ ግብር የሚቈርጠውና ፈቃድ የሚሰጠው እርሱ ነው። ስለዚህ የዜግነት ምግባር የሚፈተነው በሩቁ ሳይሆን በቅርቡ ነው። የጋዜጣው ሰው ቢሊንግም በሹማምንቱ ላይ የሚፎክር ሲሆን በስውር ከከተማው ዳኝነት የጸሐፊነት ሹመት እንደ ለመነ ይገለጥበታል። ደራሲው ይህን ያመጣው ለሣቅ ብቻ አይደለም፤ የሕዝብ ነገር በብዙ ሰው አፍ ወደ ሹመት መውጫ መሰላል እንደሚሆን ለማሳየት ነው።

የአራተኛው ክፍል ጉባኤ ከሁሉ ይልቅ ሊመረመር የሚገባው ነው። ስብሰባውን የጠራው ሐኪሙ ራሱ ነው፤ ነገር ግን ገና ሳይናገር ሰብሳቢ ይመረጥ ተባለና አስላክሰን ተመረጠ። ቀጥሎ ከንቲባው ሐኪሙ ስለ መታጠቢያው እንዳይናገር አሳብ አቀረበ፤ ጉባኤውም ተቀበለው። በመጨረሻ በወረቀት ድምፅ ተሰጠ፤ ከአንድ ሰካራም በቀር ሁሉም በአንድነት ፈረዱበት። ልብ ብሎ ለተመለከተ በዚህ ሁሉ የጉባኤ ሥርዓት አልፈረሰም። ሰብሳቢ አለ፥ አሳብ ቀረበ፥ ድምፅ ተቈጠረ። የጠፋው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እርሱም ጉባኤው የተጠራበት ጕዳይ ነው። ስለ ውሃው አንድ ቃል ሳይሰማ ስለ ውሃው ተፈረደ። በዚያ አዳራሽ ከቶ ድምፅ የሌለው ደግሞ ታሞ ለመዳን የሚመጣው እንግዳ ነው፤ እርሱ የከተማዪቱ ሰው አይደለምና አይመርጥም፥ ግብርም አይከፍልባትም፤ በሽታውን ግን ከእርስዋ ይወስዳል። የአንዲት ከተማ ጉባኤ መልካምነቱ የሚመዘነው በመጡት ሰዎች ብዛት ሳይሆን በዚያ ላልተቀመጠው ሰው በሚያደርገው ፍርድ እንደ ሆነ ቴያትሩ ያስተምራል።

ይህን ያህል ከተመሰገነ ዘንድ ነቀፌታውም ሊነገር ይገባል። ሐኪሙ ስለ ውሃው እንዳይናገር በተከለከለ ጊዜ ንግግሩን ወደ ሕዝቡ መለሰ፤ የብዙ ሰው አሳብ ሁልጊዜ ስሕተት እንደ ሆነ ተናገረ፤ ተራውን ሕዝብ ካልሠለጠነ ውሻ ጋር እስከ ማመሳሰል ደረሰ። በዚህ ስፍራ ብዙ ተመልካቾች ያጨበጭባሉ፤ ክርስቲያን ግን ሊያጨበጭብ አይገባውም። ሰው ሁሉ በእግዚአብሔር አርአያ ተፈጥሮአልና። ደግሞም ንቀቱ ነገሩን ጎዳው። መጀመሪያ የውሃ ነገር የነበረው ወደ ክብር ነገር ተለወጠ፤ ከተማውም ስለ ቧንቧው ማሰብ ትቶ ስለ ተሰደበው ስሙ ይቈጣ ጀመር። እውነትን የያዘ ሰው ትዕግሥትን ካልጨመረበት እውነቱን ለጠላቶቹ መሣሪያ አድርጎ ይሰጣል።

በመጨረሻው ክፍል የቤቱ መስኮት በድንጋይ ተሰብሮ፥ ሥራውንም አጥቶ ሳለ፥ ሐኪሙ በዓለም ላይ ብርቱ ሰው ማለት ብቻውን የሚቆም ነው የሚል ፍርድ ይሰጣል። ይህ አሳብ በብዙ አገር እንደ ምሳሌ ሆኖ ተነግሮአል። ነገር ግን ቴያትሩ ራሱ ይህን ቃል ያስተባብለዋል። ሐኪሙ ይህን ሲናገር ብቻውን አልነበረምና። ሚስቱ ለልጆችዋ እየፈራች ሳለች ከእርሱ አልተለየችም። ልጁ ፔትራ ራስዋ የማታምንበትን ልብ ወለድ ለጋዜጣው አልተረጕምም ብላ የነበረች መምህር ናት፤ ስለ አባትዋም ከማስተማር ሥራዋ ተባረረች። በኖርዌይ ሴቶች በከተማ ምክር ቤት ምርጫ ድምፅ መስጠት የጀመሩት በ1901 ነው፤ እንግዲህ ፔትራ በከተማዪቱ ነገር ድምፅ የላትም፥ ዋጋውን ግን ከመራጮቹ ይልቅ እርስዋ ከፈለች።

ከእነዚህ ሁሉ በላይ ሊታሰብ የሚገባው ግን ካፒቴን ሆርስተር ነው። ይህ የመርከብ ሹም ጥቂት ይናገራል፤ ስለዚህም ብዙ ተመልካች ሳያየው ያልፋል። በመጀመሪያው ክፍል ስለ ከተማው ምርጫ በተነሣ ጊዜ ነገሩን አላውቀውም፥ አልመረጥሁምም ይላል። ቢሊንግም ይገሥጸዋል፤ አገር እንደ መርከብ ስለ ሆነች ሰው ሁሉ መሪዋን መያዝ አለበት ይለዋል። ካፒቴኑ በየብስ ደግ ይሆን ይሆናል፥ በባሕር ላይ ግን አይሆንም ብሎ ይመልሳል። ቀኑ በደረሰ ጊዜ ምን ሆነ? በከተማዪቱ ለሐኪሙ አዳራሽ የሚሰጥ ጠፋ፤ ስለ መሪ መያዝ ይሰብክ የነበረውም ከከሳሾቹ ጋር ቆመ። የቤቱን በር የከፈተለት ያ መርጦ የማያውቅ ካፒቴን ነው። ሕዝቡ በቍጣ በተነሣ ጊዜም ሐኪሙንና ቤተ ሰቡን አጅቦ አወጣ፤ በማግሥቱ የመርከቡ ባለቤት ከሹመቱ ሻረው። እርሱ ግን አላማረረም፤ ቤቱን እንደገና ሰጠ። ሐኪሙም የጎዳና ልጆችን ሰብስቦ ሊያስተምር ያሰበው የሕዝብ ጠላት በተባለበት በዚያው አዳራሽ ነው።

ይህ ማለት ምርጫ አያስፈልግም ማለት አይደለም፤ ካፒቴኑም ባለመምረጡ ሊመሰገን አይገባውም። ነገር ግን ደራሲው ዐውቆም ይሁን ሳያውቅ የከተማ አገልግሎት ሥሩ ወዴት እንደ ሆነ አሳይቶናል። ሥሩ ሰው በእጁ ያለውን ነገር በሚያስከፍለው ቀን መስጠቱ ነው። አዳራሽ ያለው አዳራሹን፥ ዕውቀት ያለው ዕውቀቱን፥ ጕልበት ያለው ጕልበቱን ይሰጣል። ይህን የእኛ አገር ከተማ ሰው ከእድሩ ያውቀዋል፤ በሌሊት ተነሥቶ ድንኳን የሚተክል፥ ያለ ደመወዝም መዝገብ የሚጽፍ ሰው አዋጅ አልታወጀለትም። የጎደለን ለጎረቤት ሬሳ የምናሳየውን ትጋት ለጎረቤት ምንጭ ማሳየት ነው።

ቅዱስ መጽሐፍም ለዚህ ምሳሌ አለው። በነህምያ መጽሐፍ በሦስተኛው ምዕራፍ የኢየሩሳሌም ቅጥር እንዴት እንደ ተሠራ ተጽፎአል። የበጎችን በር በመጀመሪያ የሠሩት ሊቀ ካህናቱ ኤልያሴብና ካህናቱ ናቸው፤ ከእነርሱ ቀጥሎ ወርቅ አንጥረኛውና ሽቱ ቀማሚው ሠሩ፤ ሰሎም ከሴቶች ልጆቹ ጋር ሠራ፤ ብዙዎችም እያንዳንዳቸው በየቤታቸው አንጻር ያለውን አደሱ። የቴቁሓውያን ታላላቅ ሰዎች ግን ለሥራው ጫንቃቸውን ዝቅ እንዳላደረጉ አብሮ ተጽፎባቸዋል። ሥራውም በ52 ቀን ተፈጸመ። የኢብሰን ከተማ ሐኪም እንጂ ነህምያ አላገኘችም፤ ሐኪሙ ስሕተቱን አሳየ፥ ነህምያ ግን ስሕተቱን አሳይቶ ለእያንዳንዱ ሰው የሚሠራውን ክፍል ሰጠው።

የህንድ አገሩ የሲኒማ ሊቅ ሳትያጂት ራይ በ1989 ይህንኑ ታሪክ «ጋናሻትሩ» ብሎ በቤንጋል ቋንቋ ባወጣው ጊዜ መታጠቢያውን በቤተ ጣዖት ውሃ ለወጠው፤ ምእመናን እንደ ቅዱስ አድርገው የሚጠጡት ውሃ መመረዙን ሐኪሙ ይናገራል። ፍጻሜውንም ለወጠ፤ ሐኪሙ ተስፋ በቈረጠበት ሰዓት ከደጅ እርሱን የሚደግፉ ሰዎች ድምፅ ይሰማል። አንዳንዶች ይህ ፍጻሜ የኢብሰንን ብርታት ያለዝባል ብለው ሊነቅፉት ይችላሉ። ነገር ግን ራይ በካፒቴን ሆርስተር የተዘራውን ዘር እንዳበቀለው ሊቈጠር ይገባል። ለካህናትም በዚያ ሲኒማ ሌላ ትምህርት አለ፤ ቅድስና ለንጽሕና ጠላት እንዳልሆነ፥ የምእመናንንም ጤና መጠበቅ እምነትን ማሳነስ እንዳልሆነ ያሳስባል።

«የሕዝብ ጠላት» እንግዲህ ጉድለቱ ሳይሸሸግ ሊነበብና ሊታይ የሚገባው ሥራ ነው። ሐኪሙን ብቻ እያደነቀ የሚያነበው ሰው ጎረቤቱን መናቅን ተምሮ ይወጣል፤ አስላክሰንን ብቻ እየነቀፈ የሚያነበውም ራሱን ሳያይ ይቀራል። በየከተማው የተበላሸ ምንጭ አይታጣም፤ በየከተማውም ነገሩ በልክ ይሁን የሚል ሰብሳቢ አይታጣም። የሚታጣው ሌላው ሁሉ ደጁን በዘጋ ቀን ቤቱን የሚከፍት ነው።