የማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን ከማንኩሽ ሲታይ

በ2003 ዓ.ም. ሁለት ታላላቅ ሥራዎች ተጀመሩ። አንደኛው በመተከል ዞን ጉባ ወረዳ መሠረቱ የተጣለው የሕዳሴ ግድብ ነው። ሁለተኛው በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በትግራይና በደቡብ ክልሎች በሚገኙ 13 ወረዳዎች በሙከራ ደረጃ የተጀመረው የማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን ነው። ግድቡ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል፤ መድኑም ከሙከራ አልፎ በአገሪቱ ተስፋፍቷል። ይሁን እንጂ የጉባ ወረዳ ዋና ከተማ ማንኩሽ የምትገኝበት ቤኒሻንጉል ጉሙዝ በሙከራው ውስጥ አልነበረም። የመድኑ አሠራር ለዚህ አካባቢ ድሃ ይበጅ እንደሆነ መመርመር ተገቢ የሚሆነውም በዚህ ምክንያት ነው።

የመድኑ ጥቅም የሚካድ አይደለም። አባላቱ ለሕክምና ሲሉ የሚገቡበትን ዕዳ እንደቀነሰ ጥናቶች አመልክተዋል። የሚነቀፈው ዓላማው ሳይሆን ለድሃው የተሰጠው ዋስትና መሳሳቱ ነው።

በመጀመሪያ፣ መዋጮው በአመዛኙ ለሁሉም ቤተሰብ አንድ ዓይነት ሆኖ ቆይቷል። አንድ ጥማድ በሬ የሌለውና ባለ ብዙ ከብቱ እኩል ሲከፍሉ ሸክሙ እኩል አይሆንም። ሩዋንዳ መዋጮውን በኑሮ ደረጃ ከፋፍላ ማስከፈሏ ሌላ መንገድ መኖሩን ያሳያል።

ሁለተኛ፣ መክፈል የማይችለውን የድሃ ድሃ ቀበሌው ይመርጣል፤ መዋጮውን ክልልና ወረዳ ይሸፍናሉ። በዚህ አሠራር የነፃ ተጠቃሚውን ቁጥር የሚወስነው የችግረኛው ብዛት ሳይሆን የተመደበው በጀት ይሆናል። በጀቱ ሲያጥር ከመዝገብ የሚወጣው ጧሪ የሌለው አረጋዊ ወይም ልጆቿን ብቻዋን የምታሳድግ እናት ናት።

ሦስተኛ፣ አባልነቱ ከቀበሌና ከወረዳ ቋት ጋር የተሳሰረ ነው። ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ በመተከል በደረሰው ግጭት ብዙ ሺህ ሰው ተፈናቅሏል። ቤቱንና አዝመራውን ጥሎ የሸሸ ሰው ቀበሌውንም ትቶ ሄዷል። ዋስትና አብዝቶ በሚያስፈልገው ጊዜ ዋስትናው ከኋላው ይቀራል ማለት ነው።

አራተኛ፣ መድኑ የመጓጓዣ ወጪን አይሸፍንም። ከማንኩሽ ወደ ፓዌ ሆስፒታል የተላከ ሕመምተኛ፣ ወይም ዓባይን ተሻግሮ አሶሳ የሚሄድ፣ ሕክምናው በነፃ ቢሰጠውም ለመኪና የሚከፍለው ከሌለው ካርዱ ወረቀት ብቻ ነው። ወባ በሚበረታበት ቆላ ደግሞ ጤና ጣቢያው መድኃኒት ሲያልቅበት አባሉ ከግል መድኃኒት ቤት በራሱ ገንዘብ ይገዛል። አንዴ እንዲህ የሆነበት ሰው በሚቀጥለው ዓመት አባልነቱን ባያድስ ሊወቀስ አይገባም።

በመሆኑም መድኑ በአባላት ብዛት ብቻ መመዘኑ ያሳስታል። የድሃ ድሃው መዋጮ ከወረዳ ትርፍራፊ ሳይሆን በሕግ ከታሰረ የፌዴራል በጀት ቢመደብ፣ ካርዱ ከወረዳ ወረዳ ቢሠራ፣ ለሪፈር ታካሚም የመጓጓዣ ድጎማ ቢታሰብ መድኑ ስሙን ይመጥናል። ሐኪሙም የታዘዘውን መድኃኒት ያላገኘውን አባል በየጊዜው መዝግቦ ማሳወቅ ሙያዊ ግዴታው ነው። የመድኑ ጥንካሬ የሚታወቀው የማንኩሽ ድሃ በታመመ ዕለት ነውና።