አንዴ የተገነባ ኢሜጅ

የአንድን ቡድን ፓይፕላይን እንዳይ ስጠየቅ መጀመሪያ የምፈልገው የዶከር ኢሜጁ ስንት ቦታ እንደሚገነባ ነው። ለሙከራ አንድ ጊዜ፣ ለስቴጂንግ ሌላ ጊዜ፣ ለፕሮዳክሽን ደግሞ እንደ አዲስ የሚገነባበት ቤት ብዙ ነው። ኮዱ ያው ስለሆነ ልዩነት የለውም ይላሉ። አለው እንጂ! በሁለቱ ግንባታ መካከል መነሻው ኢሜጅ ተቀይሮ፣ አፕት-ጌትም አዲስ ፓኬጅ አውርዶ ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ የተፈተነው ሌላ፣ ደንበኛው የሚጠቀምበት ሌላ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2013 ዶከር ሲወጣ ከሥሩ ያለው ቴክኖሎጂ አዲስ አልነበረም፤ ከዚያ አንዱ ክፍል የሆነው ሲግሩፕ ሊኑክስ ከርነል ውስጥ የገባው በ2008 ነው። ሰዉን የማረከው ፕሮግራምን ከነላይብረሪዎቹ ጠቅልሎ ከማሽን ወደ ማሽን ማዛወር መቅለሉ ነው። በየደረጃው እንደገና የሚገነባ ሰው ይህንኑ ጥቅም ይጥለዋል።

ስለዚህ አንዴ ይገነባ፤ ፈተናውን ያለፈው ራሱ ፕሮዳክሽን ይግባ። የዳታቤዝ አድራሻና የይለፍ ቃል ኮንቴይነሩ ሲነሳ ከውጭ ይሰጡት። የይለፍ ቃል ያለበትን ፋይል ኮፒ አድርጎ በሚቀጥለው መስመር ማጥፋት አያድንም፤ ፋይሉ ከታች ባለው ሌየር እንዳለ ይቀራል፣ ኢሜጁ እጁ የገባ ሁሉ ያወጣዋል።

«ሌተስት» የሚለውን ታግም አላምነውም። ነገ በዚያው ስም ሌላ ኢሜጅ ፑሽ ሊደረግ ይችላል። የኢሜጁ መለያ የሆነው ዳይጀስት ግን ከይዘቱ ስለሚሰላ አንድ ባይት ሲነካ ይለወጣል። 64 ፊደልና ቁጥር ለዓይን አይመችም፤ ሌሊት ሲስተሙ ሲወድቅ ግን «አሁን እየሠራ ያለው የትኛው ነው?» ሲባል መልሱ አንድ ብቻ ይሆናል። ወደ ቀድሞው ለመመለስም የቀድሞውን ዳይጀስት መስጠት ይበቃል።

የዶከርፋይል ቅደም ተከተልም ይታሰብበት። የኖድ ፕሮጀክት ከሆነ መጀመሪያ ሁለቱ የፓኬጅ ፋይሎች ኮፒ ይደረጋሉ፣ ቀጥሎ «ኤንፒኤም ሲአይ»፣ ኮዱ መጨረሻ ላይ። ካሹ የሚያገለግለው ለውጥ እስካለበት መስመር ድረስ ስለሆነ፣ ኮዱ ከቀደመ አንዲት ቃል ባረምን ቁጥር ላይብረሪው ሁሉ እንደገና ይወርዳል። ኢንተርኔቱ ቀጭን በሆነበት ቢሮ ይህ ሥራ ያስፈታል። ፓይፕላይኑ በየጊዜው አዲስ ማሽን የሚያስነሳ ከሆነ ደግሞ ካሹን ከማሽኑ ውጭ፣ ለምሳሌ ሬጂስትሪ ላይ፣ ማስቀመጥ ግድ ነው።

መነሻው ኢሜጅም ሳይታሰብ እንዳይቀየር በዳይጀስት ይቆለፍ። ይህ ዋጋ እንዳለው አልክድም፤ የደህንነት ማስተካከያ በራሱ አይመጣም። እኔ ኮድ ባይነካም በየሳምንቱ መነሻውን አድሶ የሚገነባ ቀጠሮ አስገባለሁ፤ አዲሱ ኢሜጅም እንደማንኛውም ለውጥ ፈተናውን ሁሉ አልፎ ይወጣል።