በሊኑክስ የድራይቨር ደንብ ላይ የቀረበ አጭር ሂስ

ከሊኑክስ ከርነል ዋና ጠባቂዎች አንዱ የሆኑት ሚስተር ግሬግ ክሮህ-ሀርትማን የጻፉት አንድ አጭር ሐተታ ከከርነሉ ሰነዶች ጋራ ተያይዞ ይገኛል። ሐሳቡም፥ መሣሪያን ከከርነሉ ጋራ ለሚያገናኙት ድራይቨሮች የማይለወጥ መገናኛ ሊኖር አይገባም የሚል ነው። ድራይቨር የሚጽፍ ሁሉ ቢያነበው ይጠቀማል፤ ነገር ግን የጥያቄውን እኩሌታ ብቻ የሚመልስ ጽሑፍ ነው።

እውነት የሆነውን አስቀድመን እንናገር። ተራ ፕሮግራሞች ከርነሉን የሚጠሩበት በር ሳይለወጥ ይጠበቃል፤ የቆየ ፕሮግራም በአዲስ ከርነል ላይ ይሠራል። የከርነሉ ክፍሎች እርስ በርሳቸው የሚገናኙበት መንገድ ግን ይለዋወጣል። ጸሐፊው ለዚህ የዩኤስቢን ክፍል ይጠቅሳሉ፤ እርሱም ቢያንስ ሦስት ጊዜ እንደ ገና ተሠርቷል። አሮጌው መንገድ በግድ እንዲቆይ ቢደረግ ኖሮ ስሕተቱም አብሮ በቆየ ነበር። ይህን ክርክር እቀበላለሁ።

መድኃኒቱ ድራይቨሩን ወደ ዋናው የከርነል ምንጭ ማስገባት ነው ይላሉ፤ ከዚያ ወዲያ መገናኛውን የለወጠ ሰው ድራይቨሩንም አብሮ ያርማል። ይህ በእውነት የሚፈጸም ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 በወጣው ከርነል 5.0 የተጠቃሚን የሜሞሪ አድራሻ የሚመረምረው ተግባር ከሚቀበላቸው ሦስት ነገሮች አንዱ ሲቀር፥ በዋናው ምንጭ ውስጥ ያሉት ጠሪዎች ሁሉ አብረው ታረሙ። በውጭ የቀሩት ግን ኮምፓይል መሆን አቃታቸው።

ጉድለቱ እዚህ ላይ ነው። የታረመው ድራይቨር የሚሠራው በአዲሱ ከርነል ብቻ ነው። የመሥሪያ ቤት ኮምፒዩተር ግን አሥር ዓመት ያህል በአንድ የከርነል ቍጥር ሊቆይ ይችላል፤ ታዲያ አዲስ የኔትዎርክ ካርድ የገዛ ሰው፥ ድራይቨሩ በአዲሱ ከርነል ውስጥ መኖሩ ምን ይረባዋል? ላንድ አሮጌ መሣሪያ ሲል ጥገናው ያበቃ ከርነል ይዞ የቀረውም ሰው የጸጥታ እርማት ሁሉ ያመልጠዋል። ጸሐፊው የሚለዋወጥን መገናኛ መከተል አድካሚ መሆኑን ያምናሉ፤ ፈቃዳቸው ነጻ ያልሆነውን ድራይቨሮች ደግሞ እድል ይቅናችሁ ብለው ያሰናብታሉ፥ ይህም ይሁን። ነገር ግን ፈቃዱ ነጻ ሆኖ፥ በዋናው ምንጭም ተቀባይነት አግኝቶ፥ በሁለት ከርነሎች ላይ መሥራት ያለበትን ድራይቨር አላዩትም።

በተግባር ብዙዎች የከርነሉን ቍጥር እያነጻጸሩ፥ ከ5.0 በታች ከሆነ እንዲህ፥ ካልሆነ እንዲያ እያሉ ይጽፋሉ። ቍጥሩ ግን ይዋሻል። የሬድ ሃት ኢንተርፕራይዝ ሊኑክስ 8 ከርነል ስሙ 4.18 ነው፤ በውስጡ ግን ከኋለኞቹ ከርነሎች የተወሰዱ ብዙ ለውጦች አሉ። የኦፕን ዜድ ኤፍ ኤስ ሠሪዎች ቍጥሩን አያምኑም፤ አስቀድመው ትንንሽ የሙከራ ፕሮግራሞችን ኮምፓይል እያደረጉ እያንዳንዱ ተግባር በምን መልክ እንዳለ ይመረምራሉ። ጊዜ ይፈጃል፥ እውነቱን ግን ያገኛሉ።

ለእኔ የተሻለ የሚመስለኝ ባክፖርትስ የተባለው ሥራ የተከተለው መንገድ ነው። ድራይቨሩን በተቻለ መጠን እንደ አዲሱ ከርነል ንጹሕ አድርጎ ይተወውና፥ በአሮጌው ከርነል የጎደለውን በተለየ ንብርብር ይሞላለታል። አንድ አሮጌ ከርነል ሲተው፥ ለእርሱ ሲባል የተጻፈውን ከዚያ ንብርብር ላይ መቁረጥ ነው፤ ድራይቨሩን ለመንካት እምብዛም አያስፈልግም።