«ዝቅተኛ ቅኝት» ስለሚለው አተረጓጎም

የጊታር ክሮች ከመደበኛው ድምፅ በታች ሲቃኙ አሠራሩን «ዝቅተኛ ቅኝት» ብሎ መተርጐም ቀላል ይመስላል። ሁለቱም ቃላት አማርኛ ናቸው፤ ጥምረታቸው ግን አሳሳች ነው እንላለን።

አስቀድመን «ዝቅተኛ» የሚለውን እንመልከት። አማርኛ ተናጋሪ «ድምፅህን ዝቅ አድርግ» ሲባል ቀስ ብሎ ይናገራል እንጂ አያጐረንንም። ዝቅና ከፍ በአብዛኛው የድምፅን ጉልበት ያመለክታሉ፤ እዚህ የተፈለገውን ባሕርይ የሚለዩት ቀጭንና ወፍራም ናቸው። በገናም ከክራር የሚለየው ድምፁ በመወፈሩ ነው።

ይበልጥ የሚያሳስበን «ቅኝት» ነው። (ቃኘ የሚለው ግሥ የጦር ሜዳንም ስለሚጨምር ሰፊነቱ የታወቀ ነው፤ እርሱን እናቆየው።) ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ እያልን ቅኝቶችን የምንለየው በድምፆቹ መካከል ባለው ርቀት ነው። ክራር መቺው ከዘፋኙ ጕሮሮ ጋር ለማስማማት ክሮቹን ሁሉ በእኩል ቢያላላ፣ ትዝታው ያው ትዝታ ነው። እንዲሁም ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት በ1975 እ.ኤ.አ. በሰከንድ 440 ንዝረት ብሎ ያጸናው መቃኛ ድምፅ፣ ስድስቱም የጊታር ክሮች በግማሽ ድምፅ ሲላሉ ወደ 415 ገደማ ይመጣል እንጂ ቅኝቱ አይነካም። በአንጻሩ ወፍራሙ ክር ብቻውን ከኢ ወደ ዲ ቢላላ፣ ከጎረቤቱ ከኤ ጋር ያለው ርቀት ስለሚሰፋ ቅኝቱ በእርግጥ ተለውጧል። ሁለቱን በአንድ ስያሜ መጠቅለል ተገቢ አይደለም።

ጉዳቱም ከቃላት ክርክር ያልፋል። «ትዝታን በግማሽ ዝቅ ባለ ቅኝት ተጫወት» የሚል መመሪያ ያነበበ ተማሪ፣ ሙሉ ትዝታና ግማሽ ትዝታ የሚባሉትን አስቀድሞ ያውቃልና፣ ሦስተኛውንና ስድስተኛውን ድምፅ ብቻ አላልቶ ሌላ ዜማ ያወጣል። ጥፋቱም የተርጓሚው እንጂ የተማሪው አይደለም።

ስለዚህ ለመጀመሪያው አሠራር «አወፍሮ መቃኘት»፣ ለሁለተኛው «ቅኝት መለወጥ» ቢባል እንመርጣለን። «ማላላት» ለእጅ ሥራው የሚስማማ ቢሆንም ለስያሜነት አይበቃም፤ ወፍራም ክር የገጠመ ጊታር ክሩ ሳይረግብ ድምፁ ይወፍራልና። «አወፍሮ» የተባለው ክሩን ነው ወይስ ድምፁን? የሚል ተቃውሞ ቢነሣ፣ በመጀመሪያ ሲጠቀስ «ድምፁን አወፍሮ» ብሎ መሙላት ይበቃል።