የተለወጠ ካምቢዮ፣ ያልተለወጠ ፊደል

ለነባር መኪና ዘመናዊ ካምቢዮ መግጠም የሂስ ርእስ ሊሆን ይችላልን ብሎ የሚጠይቅ አንባቢ ቢኖር አይፈረድበትም። ነገር ግን መጻሕፍትን ከአንድ ቋንቋ ወደ ሌላው በመመለስ ዕድሜውን ለሚገፋ ሰው ጥያቄው እንግዳ አይደለም። የሰው እጅ ሥራ ከተወለደበት ዘመን ወጥቶ በሌላ ዘመን እንዲያገለግል ሲፈለግ ምኑ ይለወጥ? ምኑ ይቅር? ለውጡስ ለማን ይነገር? ተርጓሚ በየገጹ የሚታገለው ከእነዚህ ጥያቄዎች ጋር ነው፤ የነባር መኪና መካኒክም እንዲሁ። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።)

ነገሩን በቅርብ እንዳየው ምክንያት የሆኑኝ አጎቴ ናቸው። አጎቴ በየካቲት 1966 ዓ.ም. የነዳጅ ዋጋ መጨመሩን ተቃውመው ሥራ ካቆሙት የአዲስ አበባ ባለታክሲዎች አንዱ ነበሩ። ዛሬ ጡረታ ወጥተው በአሜሪካ፣ በቨርጂኒያ ይኖራሉ። በቤታቸው ጋራዥ ውስጥም በ1955 የተሠራ ሼቭሮሌት ቤል ኤር አለ፤ በወጣትነታቸው ሲመኙት ኖረው በስተርጅና የገዙት ነው። ልጠይቃቸው በሄድሁ ጊዜ ካምቢዮውን አስለውጠውት አገኘሁ።

የወለቀው ካምቢዮ «ፓወርግላይድ» ይባላል። ሼቭሮሌት በ1950 ያስተዋወቀውና እስከ 1973 የዘለቀ ባለ ሁለት ማርሽ አውቶማቲክ ነው። ያለ ፍሪሲዮን መንዳትን የቅንጦት መኪና ላልገዛው ተራ ቤተሰብ ያደረሰ፣ በጥንካሬውም የተመሰገነ ሥራ ነበር። በዚህ መኪና ላይ ዝቅተኛው ማርሽ 1.82 ለ 1፣ ከፍተኛው 1 ለ 1 ነው። ከዚያ በላይ የሚሄድበት የለውም። የኋላ ዲፈረንሻሉ 3.55 የሆነ ቤል ኤር በሰዓት 65 ማይል፣ ማለትም 105 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲጓዝ፣ ሞተሩ በደቂቃ ወደ 2,800 ጊዜ ይሽከረከራል። ለአጭር መንገድ ይህ ምንም አይደለም። ለሦስትና ለአራት ሰዓት ጉዞ ግን ድምፁ ያደክማል፤ ነዳጁም ያልቃል።

በምትኩ የገባው ጄኔራል ሞተርስ ለ1982 ሞዴሎቹ ያወጣው «700 አር 4» ነው። ማርሾቹ አራት ናቸው፤ 3.06፣ 1.63፣ 1.00 እና 0.70። አራተኛው ኦቨርድራይቭ የሚባለው ነው። ሞተሩ 7 ጊዜ ሲዞር ወደ ኋላ ጎማዎች ኃይል የሚያደርሰው ረጅም ዘንግ 10 ጊዜ ይዞራል። በዚያው በ65 ማይል ፍጥነት የሞተሩ ዙር ከ2,800 ወደ 2,000 ገደማ ይወርዳል። ያየሁትን ልመስክር፤ ከቤታቸው ወደ ሪችመንድ ስንሄድ እኔና አጎቴ ድምፃችንን ሳናነሣ እየተጨዋወትን ደረስን።

እዚህ ላይ የዚህን ካምቢዮ ትውልድ ማስታወስ ተገቢ ነው። በ1973 የዐረብ ነዳጅ አምራቾች ማዕቀብ ሲጥሉ ዋጋው በዓለም ሁሉ ናረ። አሜሪካ በ1974 በመላ አገሪቱ የፍጥነት ጣሪያውን በሰዓት 55 ማይል አደረገች፤ በ1975 ደግሞ አምራቾች ነዳጅ የሚቆጥብ መኪና እንዲሠሩ የሚያስገድድ ሕግ አወጣች። ኦቨርድራይቭ ያላቸው አውቶማቲኮች በ1980ዎቹ የበዙት በዚህ ግፊት ነው። ያው የዋጋ ንረት አዲስ አበባ ሲደርስ ባለታክሲዎችን አሳመፀ፤ ከአብዮቱ መነሻዎችም አንዱ ሆነ። አጎቴ ይህን ስነግራቸው ብዙ አልተደነቁም። «ያኔም ነዳጅ፣ ዛሬም ነዳጅ» አሉና ዝም አሉ።

እንግዲህ ወደ ሂሱ እንግባ። ለውጡን የሚነቅፉ ወገኖች ሐሳባቸው ቀላል አይደለም። ዓለም አቀፉ የነባር ተሽከርካሪዎች ፌዴሬሽን፣ በምህጻረ ቃሉ ፊቫ፣ ነባር ተሽከርካሪ የሚለው ቢያንስ 30 ዓመት የሞላውን፣ በታሪካዊ ይዞታው የተጠበቀውንና የዕለት ተዕለት መጓጓዣ ያልሆነውን ነው። የቱሪን ቻርተር የተባለው የፌዴሬሽኑ ሰነድም ለውጥ የግድ ሲሆን የመኪናውን ታሪካዊ አካልና መልክ እንዳይነካ፣ ቢቻል ወደ ነበረበት ሊመለስ የሚችል እንዲሆን፣ የወለቀው ዋና ዕቃም ከመኪናው ጋር እንዲቀመጥ ይመክራል። በዚህ ዓይን ሲታይ ፓወርግላይድ የሌለው የ1955 አውቶማቲክ ቤል ኤር ምዕራፍ እንደጎደለው መጽሐፍ ነው።

ይሁንና ከዚሁ ትርጓሜ ውስጥ «የዕለት ተዕለት መጓጓዣ ያልሆነ» የሚለውን ሐረግ ቆም ብሎ መመርመር ያስፈልጋል። ይህ መኪና የተሠራው ሊነዳ ነው። ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር 41,000 ማይል የሚሸፍነውን የአውራ ጎዳና ሕግ የፈረሙት ሰኔ 29 ቀን 1956 ነው፤ ቤል ኤሩ ከፋብሪካ ሲወጣ ዛሬ የሚሄድበት መንገድ ገና አልተሠራም ነበር ማለት ነው። መኪናው ባለበት ቆሞ መንገዱ ተለውጧል። ደግሞም የኦቨርድራይቭ ሐሳብ ለዘመኑ ባዕድ አልነበረም። በ1955 ሼቭሮሌት የሚገዛ ሰው፣ በእጅ የሚቀየረውን ባለ ሦስት ማርሽ ካምቢዮ ከመረጠ፣ ተጨማሪ ከፍሎ ኦቨርድራይቭ ማስገጠም ይችል ነበር። ስለዚህ ለውጡ ለመኪናው ያላሰበውን ነገር አላናገረውም፤ በራሱ ዘመን የነበረን ሐሳብ በኋላ ዘመን ቃል ገለጸው እንጂ።

የለውጡ ደጋፊዎች በበኩላቸው «ማሻሻል» የምትለዋን ቃል አለአግባብ ያበዛሉ። መጀመሪያ ነገር፣ ለውጡ በነዳጅ ቁጠባ ወጪውን ይመልሳል የሚለው በሳምንት አንድ ቀን ለሚነዳ መኪና አያሳምንም። ሁለተኛ፣ የጠፋ ነገር አለ። ፓወርግላይድ ከቆመበት ተነሥቶ በአንድ ረጅም፣ ያልተቆራረጠ ስበት የሚሄድ ነበር፤ የመኪናው ጠባይ ያ ነበር። አዲሱ በ3.06 ፈጥኖ ይነሣና ወደ 1.63 ሲሻገር የሞተሩ ዙር በአንድ ጊዜ ወደ ግማሽ ገደማ ይወድቃል። የአረፍተ ነገሩ ምት ተሰብሯል። በሁለት ነጠላ ሰረዞች ብቻ የሚነበበውን አንቀጽ ሐተታ በበዛበት ስልት እንደመተርጎም ነው፤ ትርጉሙ ይደርሳል፣ ድምፁ ግን የሌላ ሰው ነው።

ሦስተኛ፣ «ዝም ብሎ ይገጠማል» የሚለው አባባል እውነት አይደለም። በእነዚህ መኪኖች ሞተሩና ካምቢዮው ከኋላ በኩል የሚያርፉት በሁለቱ መጋጠሚያ ግራና ቀኝ ባሉት መደገፊያዎች ላይ ነው፤ አዲሱ ካምቢዮ ግን ከጭራው በታች ሻሲውን የሚያቋርጥ ብረት ይፈልጋል። የኃይል ዘንጉ ርዝመት ይስተካከላል። የፍጥነት መለኪያው ጥርስ ካልተለወጠ ሰዓቱ የተሳሳተ ፍጥነት ያሳያል። ከሁሉ በላይ ከካርቡራቶሩ ወደ ካምቢዮው የሚሄድ ቀጭን ሽቦ አለ። ይህ ሽቦ ነጂው ነዳጅ መስጫውን ምን ያህል እንደረገጠ ለካምቢዮው ይነግራል፤ ካምቢዮውም የዘይት ግፊቱን የሚወስነው በዚያ ነው። ሽቦው ከላላ ግፊቱ ያንሳል፣ ውስጣዊ ፍሪሲዮኖቹ ይንሸራተታሉ፣ አዲሱ ካምቢዮ በጥቂት ጉዞ ውስጥ ይቃጠላል። የትርጉም ሥራ ያደከመው ሰው ይህን ሳይነገረው ያውቀዋል፤ ትልቁን ቃል አሳምሮ መልሶ በትንሿ መስተዋድድ የተሸነፈ ስንት ጊዜ ነው!

የአጎቴን መኪና የሠራው መካኒክ በዚህ ሁሉ የሚመሰገን ነው። ተሻጋሪውን ብረት በብየዳ ሳይሆን በብሎን አሰረው፤ ሻሲው አልተቆረጠም። ሽቦውን በግፊት መለኪያ እየመረመረ አስተካከለው። በሥራው ላይ አንድ ነቀፋ ብቻ አለኝ፤ እርሱም የመካኒኩ ሳይሆን የአጎቴ ነው።

ከመሪው አጠገብ የማርሹን ቦታ የሚያመለክቱ ፊደላት አሉ። በ1955 የነበረው ቅደም ተከተል ፒ፣ ኤን፣ ዲ፣ ኤል፣ አር ነው፤ ከማቆሚያው ቀጥሎ ዜሮ ማርሽ፣ የኋላ ማርሽ ደግሞ በመጨረሻ ይመጣል። በአዲሱ ካምቢዮ ግን ከማቆሚያው ቀጥሎ የሚገኘው የኋላ ማርሽ ነው። መካኒኩ ማመልከቻውን ልለውጠው ቢላቸው አጎቴ እምቢ አሉ። «ፊቱ እንዳይነካ ያልሁት እኔ ነኝ» ብለው ነግረውኛል። ለእርሳቸው ችግር አልነበረም፤ አዲሱን ቅደም ተከተል በቃላቸው ያውቁታል።

አንድ እሑድ ጠዋት የልጅ ልጃቸው ሞተሩን አስነሥታ ልታሞቀው ፈለገች። እጀታውን ከማቆሚያው አንድ ደረጃ አወረደችው። ፊደሉ ኤን ይላል፤ ዜሮ ማርሽ ማለት ነው። ካምቢዮው ግን የኋላ ማርሽ ገብቷል። እኔ ከመኪናው በስተኋላ፣ ከጋራዡ ግድግዳ አጠገብ ቆሜ ነበር። ልጅቷ ፍሬን ባትረግጥ ኖሮ ይህን ጽሑፍ አልጽፈውም ነበር። ወርዳ «ኤን እኮ ነው ያደረግሁት!» እያለች አለቀሰች። እውነቷን ነው። ያነበበችው በትክክል ነው፤ የተጻፈው ነው ሐሰት።

ለእኔ የዚህ ሥራ ሂስ ሁሉ የሚጠቃለለው በዚህች ቅጽበት ነው። በነቃፊዎቹና በደጋፊዎቹ መካከል ያለው ክርክር ለውጡ ይገባል ወይስ አይገባም በሚለው ላይ ያተኩራል። እኔ ግን ዋናው ጥያቄ ሌላ ይመስለኛል፤ የተለወጠው ነገር መለወጡን ይናገራል ወይ? በእኛ የሥነ ጽሑፍ ልማድ ቀጥተኛ ትርጉምና ውርስ ትርጉም የሚባሉ ሁለት መንገዶች አሉ። የውጭውን ታሪክ የአገር ስምና የአገር ልብስ አልብሶ፣ ሽፋኑ ላይ «ውርስ ትርጉም» ብሎ የሚያቀርብ ጸሐፊ ማንንም አላታለለም። ያንኑ ሥራ ያለዚያች ቃል የሚያቀርብ ግን አንባቢውን ዋሽቶታል፤ ትርጉሙ የቱንም ያህል ቢያምር። የአጎቴ ቤል ኤር ውርስ ትርጉም ነው። ሽፋኑ ግን «ጥንታዊው ቅጂ» ይል ነበር።

ፊቱን ሳይነኩ አንጀቱን መለወጥ በነባር መኪና ወዳጆች ዘንድ እንደ ትልቅ ጥበብ የሚታይበት ጊዜ አለ። «ከውጭ ሲያዩት ምንም አልተለወጠም» ማለት ምስጋና ነው። ለቀለሙ፣ ለወንበሩ ልብስ፣ ለኒኬሉ ይህ ምስጋና ይገባል። ሰው አንብቦ እጁን ለሚያንቀሳቅስበት ነገር ግን አይገባም። ፊደል ጌጥ አይደለም፤ ቃል ኪዳን ነው። ባለቤቱ ብቻ የሚያውቀው ምስጢር ሆኖ ሲቀር መኪናው ለሚወርሰው ሰው ወጥመድ ይሆናል። መኪና ደግሞ እንደ መጽሐፍ ሁሉ ከባለቤቱ በኋላ ይኖራል።

በማግስቱ ከአጎቴ ጋር ተቀምጠን ተነጋገርን። «ጋሼ፣ ካምቢዮውን መለወጥዎ ጥሩ ነው፤ ፊደሉን ግን ይለውጡት» አልኋቸው። ጥቂት አሰቡና «አንተ ደግሞ ሁሉን ነገር መጽሐፍ ታደርገዋለህ» አሉኝ። ሆኖም ለአዲሱ ካምቢዮ የሚስማማ ማመልከቻ አዘዙ፤ ለእነዚህ መኪኖች ተዘጋጅቶ የሚሸጥ አለ። አሮጌው ፓወርግላይድ ዘይቱ ተንጠፍጥፎ፣ በሸራ ተጠቅልሎ፣ በእንጨት መቀመጫ ላይ ከጋራዡ ጥግ ተቀምጧል። እኔም ምን ወልቆ ምን እንደገባ፣ የሽቦው ልክ እንዴት እንደሚስተካከል፣ የቀድሞው የፊደል ተራ ምን እንደነበረ በአማርኛና በእንግሊዝኛ በአንድ ገጽ ጽፌ በክሩስኮቱ ኪስ ውስጥ አስቀመጥሁ። የተርጓሚ መግቢያ መሆኑ ነው።

አዲሱ ማመልከቻ ከተገጠመ በኋላ አጎቴ ስልክ ደውለው ነበር። ፊደላቱ ከአሮጌው ይልቅ ቀጭን እንደሆኑና መልካቸው እንዳላማራቸው ነገሩኝ። ፎቶግራፉን ልከውልኝ አየሁት፤ እውነትም አያምርም። የልጅ ልጃቸው ግን አሁን ብቻዋን ትነዳዋለች።